አፍ አውጥቶ መናገር

በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ቤይቪው ሃንተርስ ፖይንት የሚባል ሰፈር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመርከብ መሥሪያው ሥራ ስቧቸው ከደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች የመጡ ጥቁር ቤተሰቦች የከተሙበት ሰፈር ነው። ጂና ዊንጉድ እና ራልፍ ዲክሌሜንቴ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ሄደው ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 29 የሆነ 128 ጥቁር ሴቶችን አሰባሰቡ። ሊመልሱት የፈለጉት ጥያቄ ዛሬም አልበረደም። ኤች አይ ቪ በምን እንደሚተላለፍ፣ በምን እንደማይተላለፍ አብጠርጥራ የምታውቅ ሴት ሰዓቱ ሲደርስ ለምን ዝም ትላለች?

ሴቶቹ በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ስለ በሽታው የሚያስረዳ አንድ ትምህርት ወሰደ። ሌላው ቡድን ተራው እስኪደርስ እንዲጠብቅ ተነገረው። ሦስተኛው ቡድን ግን አምስት ጊዜ፣ በየጊዜውም ለሁለት ሰዓት ያህል ተገናኘ። የሚመሯቸው እንደ እነሱው ጥቁር የሆኑ ሴት የጤና አስተማሪዎች ነበሩ። ይህ ዝግጅት በኋላ ሲስታ በሚል ስም በመላው አሜሪካ ታወቀ።

የሚገርመው አጀማመሩ ነው። የመጀመሪያው ቀን ወሬ ስለ ቫይረሱ አልነበረም። ጥቁር ሴት ሆኖ መፈጠር የሚያኮራበትን ነገር ተወያዩ፤ በጥቁር ሴቶች የተጻፉ ግጥሞች አነበቡ፤ በሕይወቴ የማስቀድመው ምንድን ነው ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። የበሽታው ትምህርት የመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ከእሱም በኋላ ዋናው ሥራ፣ ልምምዱ ተጀመረ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። አንዷ ሴት ወንዱን ሆና ትጫወታለች፤ ሌላዋ ራሷን ሆና ትመልሳለች። ወንዱን የሆነችው ሁላችንም የምናውቃትን ቃል ትወረውራለች እንበል፦ «አታምኚኝም ማለት ነው?» መላሿ መጀመሪያ ትሽኮረመማለች፣ ትስቃለች፣ ቃል ይጠፋታል። እንደገና ትሞክራለች። ዝም ብሎ መቀበል አንድ መንገድ ነው፤ ተቆጥቶ መጮህም ሌላ መንገድ ነው። በሁለቱ መሀል ደግሞ ረጋ ብሎ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ «እወድሃለሁ፤ ያለ ኮንዶም ግን አይሆንም» ማለት አለ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ነው ያ ሁሉ ልምምድ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ጃማ በተባለው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ። አምስቱን ጊዜ የተካፈሉት ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ ኮንዶምን ዘወትር የመጠቀም ልማድ አዳበሩ። ከፍቅረኞቻቸው ጋር ስለ ወሲብ በግልጽ መነጋገር ጀመሩ። ስለ በሽታው ብቻ የተማሩት ግን ትምህርቱን ሲጠብቁ ከቆዩት እምብዛም አልተለዩም። እስቲ ይህን ደጋግመሽ አስቢው፣ እህቴ። ማወቁ ብቻውን ፈቅ አላደረጋቸውም። ያራመዳቸው አፍ አውጥቶ መናገርን መለማመዳቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ መናገር ቢያቅትሽ ተፈጥሮሽ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ማንም አላለማመደሽም፤ በቃ። ያልተለማመዱትን ደግሞ መለማመድ ይቻላል።

ዋናውን ነገር ነግሬሻለሁ፤ አሁን ወደ ኋላ ልመለስና እነዚህ ሴቶች የተጋፈጡትን ሸክም ላሳይሽ፤ ጥንካሬያቸው ያኔ ነው የሚገባሽ። ጥቁር ሴቶች ከአሜሪካ ሴቶች 13 በመቶ ያህል ናቸው። በየዓመቱ ኤች አይ ቪ በደማቸው መገኘቱ አዲስ ከሚነገራቸው ሴቶች ግን ግማሽ ያህሉ እነሱ ናቸው። ይህን ሲሰማ ብዙ ሰው ቶሎ የሚደርስበት ፍርድ አለ፤ «አኗኗራቸው ነው» ይላል። ፍርዱ ስህተት ነው። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበረችው ሟቿ አዳኦራ አዲሞራ ይህን ለማስረዳት ለረጅም ዓመታት ሠርታለች። ድህነት አለ፤ ሐኪም ቤት እንደልብ አለማግኘት አለ፤ ወንዶቹን በገፍ ከየሰፈሩ እየለቀመ የሚያጉር የእስር ሥርዓት አለ። ወንዶቹ ሲታሰሩ ትዳር ይፈርሳል፣ ፍቅር ይቋረጣል፣ የቀሩት ጥቂት ወንዶች ደግሞ የመምረጥ ዕድሉ በእጃቸው ይወድቃል። በዚያ ላይ በአንድ አካባቢ ቫይረሱ በብዛት ካለ፣ አንድ ወንድ ብቻ የምታውቅ ሴት እንኳ ሌላ ቦታ ካለች እኩያዋ የበለጠ ለአደጋ ትጋለጣለች። ጨዋነቷ ከዚህ አያድናትም፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም።

ይህን የሚሰማ ሹም ለረጅም ጊዜ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 በክሊቭላንድ በተካሄደው የምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩዎች ክርክር ላይ ጋዜጠኛዋ ግዌን አይፊል ስለ ጥቁር ሴቶችና ኤድስ ጠየቀች። በአገራችሁ ያለውን እንጂ የአፍሪካን እንዳትነግሩኝ ብላ አስቀድማ አስጠነቀቀች። ከዕጩዎቹ አንዱ ዲክ ቼኒ ያነሳሽውን ቁጥር ሰምቼው አላውቅም አለ። ተፎካካሪው ጆን ኤድዋርድስም መልሱን ይዞ ወደ አፍሪካ ሄደ። አይፊል ራሷ ጥቁር ሴት ነበረች፤ ጥያቄውን በሚሊዮኖች ፊት ማንሳቷን እስከ ዛሬ አከብርላታለሁ።

ሴቶቹ ግን ሹሞቹን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። በሳውዝ ካሮላይና ዋና ከተማ ኮሎምቢያ ዲያና ዲያና የምትባል ፀጉር ሠሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ስለ ኤድስ አንብባ ደነገጠችና ከደንበኞቿ ጋር ማውራት ጀመረች። ኮንዶም በቅርጫት አድርጋ በፀጉር ቤቷ አስቀመጠች። ሴቶቹ ግን ሰው ያየኛል ብለው እጃቸውን መዘርጋት አፈሩ። ምን አደረገች መሰለሽ? ኮንዶሞቹን አንድ በአንድ በሚያምር የስጦታ ወረቀት ጠቀለለቻቸው። ያን ጊዜ ሴቶቹ እየመረጡ መውሰድ ጀመሩ። ወሬውም ከካስክ ሥር ተቀምጦ ፀጉር እስኪደርቅ ድረስ ይቀጥላል፤ ባል፣ ፍቅረኛ፣ ልጅ፣ ምርመራ፣ ሁሉም ይነሳል። ከዚያች ፀጉር ቤት የሳውዝ ካሮላይና የኤድስ ትምህርት ኅብረት ተወለደ፤ ታሪኳንም ኤለን ስፓይሮ የተባለች ፊልም ሠሪ በዘጋቢ ፊልም አስቀረችው። ዲያና ዶክተር አልነበረችም፤ የመንግሥት በጀትም አልያዘችም። የነበራት አመኔታ ነው። ፀጉሯን ለሰጠቻት ሴት ሆዷን የማትሰጥ ደንበኛ የት አለች?

እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ አትላንታ ውስጥ ዳዞን ዲክሰን ዲያሎ ሲስተርላቭ የተባለውን ድርጅት መሠረተች። የእሷ ዘዴ ሴቶቹ ወደሚሰባሰቡበት መሄድ ነው። ጓደኛሞች ቤት ሲሰበሰቡ አስተማሪዋ እዚያው ትመጣለች፤ ሦስት አራት ሰዓት በሳቅና በጨዋታ ስለ ጤናማ ፍቅር ይወራል፤ ኮንዶም እንዴት እንደሚጠለቅ በእጅ ይሞከራል። ለእኛ ቡና ጠጡ ለለመድን ሴቶች ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። ሦስተኛው እስኪወርድ ድረስ ያልተነሳ የቤት ጉዳይ መቼ ቀርቶ ያውቃል?

«እኔ አምስት ቀን ከየት አመጣለሁ?» ለምትይ ሥራ ለበዛብሽም መልስ አለ። በኒው ጀርዚዋ ኒውአርክ ከተማ ነርሷ ሎሬታ ጀሞትና ባልደረቦቿ ሲስተር ቱ ሲስተር የተባለ ዘዴ ሞከሩ። ነርሷ ለሕክምና ከመጣች ሴት ጋር ለብቻ 20 ደቂቃ ብቻ ትቀመጣለች። በ20 ደቂቃ ውስጥ ግን ንግግር አታደርግላትም፤ ታለማምዳታለች። ከዓመት በኋላ ሲመረመሩ የተለማመዱት ሴቶች ላይ የተገኘው የአባላዘር በሽታ ያነሰ ሆነ። ሃያ ደቂቃ! አንድ ታክሲ ወረፋ ከሚፈጀው ጊዜ ያንሳል።

ልቤን ከሁሉም ይበልጥ የሚነካው ግን የልጃገረዶቹ ነው። በአላባማ ከ14 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው 522 ጥቁር ልጃገረዶች የተካፈሉበት፣ ሲህሌ የተባለ ሥልጠናን የፈተሸ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። ሥልጠናው የደረሳቸው ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ በየጊዜው አራት ሰዓት፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ ተማሩ። አስተማሪዋን የሚያግዙት ብዙም የማይበልጧቸው ወጣት ሴቶች ነበሩ። ስለ ማንነት ኩራት፣ ስለ በሽታው፣ ስለ መነጋገር ተማሩ፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ጤናማ ግንኙነት ከጤና ቢሱ በምን እንደሚለይ የሚነጋገሩበት ነበር። የሠለጠኑት ልጆች ኮንዶም የመጠቀም ልማዳቸው ጨመረ፤ በክላሚዲያ የመያዝ አጋጣሚያቸውም ቀነሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቅናትን ፍቅር ነው ብለን ያደግን ብዙ ነን። ስልክሽን የሚፈትሽ፣ ከማን ጋር እንደዋልሽ በሰዓት የሚቆጥር፣ ጓደኞችሽን አንድ በአንድ የሚያስጥልሽ ወንድ ሲመጣ «ስለሚወደኝ ነው» እንላለን። የ15 ዓመት ልጅ ይህን ማን ይነግራታል? እናቷ ታፍራለች፤ አባቷ ይቆጣል፤ ጓደኛዋም እንደሷው አታውቅም። ጤናማ ፍቅር እንዲህ ነው፦ «አይሆንም» ስትዪው ይሰማሻል፤ «እንመርመር» ስትዪው አብሮሽ ይሄዳል፤ ስትለያዩ በሰላም ትለያያላችሁ። «አይሆንም» ማለት የሚያስፈራሽ ከሆነ ግን ጉዳዩ የኮንዶም ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ያን ጊዜ ከእሱ ጋር ከመከራከር ደኅንነትሽ ይቀድማል፤ ለምታምኛት ሰው ንገሪ፤ እርዳታ ጠይቂ።

ወንዶቹስ? ሁሉን ነገር በሴቷ ትከሻ ላይ መጫን አግባብ አይደለም፤ ተመራማሪዎቹም ይህን አላጡትም። ኤባን የተባለው ሥራ በአትላንታ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በኒው ዮርክና በፊላዴልፊያ ከሁለቱ አንዳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ 535 ጥቁር ጥንዶችን ይዞ ስምንት ሳምንት አብሮ አስቀመጣቸው። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው መደማመጥን ተማሩ፤ ኮንዶም የመጠቀም ልማዳቸውም ጨመረ። እኔ በበኩሌ ለወንድ አንባቢ የምለው አንድ ነው። እሷ ሳትጠይቅህ አንተ ቀድመህ «እንመርመር» በላት።

ምርመራው ቫይረሱን ቢያሳይስ? የቺካጎዋ ሬይ ሉዊስ ቶርንተን ቫይረሱ በደሟ መኖሩን ያወቀችው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደም ለግሳ ነው። ያኔ ገና ወጣት ነበረች፤ የተማረች ነበረች፤ ሥራዋም በፖለቲካ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ኤሰንስ በተባለው የጥቁር ሴቶች መጽሔት ሽፋን ላይ ፊቷን አሳይታ ወጣች። በዚያ ዘመን ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቢ። ለሞት የተቃረብኩ ነኝ ብላ የወጣች ሴት ከዚያ በኋላ አሥርተ ዓመታትን ኖራ አስተማረች፣ ሰበከች። ከቫይረሱ ጋር ለሚኖሩ ሴቶችም ዊሎው የተባለ የራሳቸው ሥልጠና ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ከአስተማሪዎቹ አንዷ ራሷ ቫይረሱ በደሟ ያለ ሴት ናት። ዛሬ ደግሞ ሳይንሱ የሚያስደስት ነገር ይዟል። መድኃኒቷን በየቀኑ በትክክል የምትወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሶ የጸናላት ሴት ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለአጋሯ አታስተላልፍም። ታፈቅራለች፣ ታገባለች፣ ትወልዳለች።

ኮንዶም የሁለት ሰው ስምምነት ይፈልጋል። ወንዱ እምቢ ሲልስ? ለዚህ ነው ፕሬፕ የተባለው መከላከያ መድኃኒት ለሴት ልጅ ትልቅ ኃይል የሆነው፤ የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ራሷ ትወስደዋለች። በአሜሪካ በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን እ.ኤ.አ. በ2012 ተፈቀደ። በየሁለት ወሩ የሚወጋው መርፌ በ2021 መጨረሻ ቀጠለ። በዓመት ሁለቴ ብቻ የሚወጋው ሌናካፓቪር ደግሞ በሰኔ 2025 ተፈቀደ። ለዚህ መርፌ ማስረጃውን የሰጡት የደቡብ አፍሪካና የኡጋንዳ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች መካከል በጥናቱ ጊዜ አንዲትም ሴት በቫይረሱ አልተያዘችም። አንዲት እንኳ! ፕሬፕ ሌሎቹን የአባላዘር በሽታዎች ስለማይከላከል ኮንዶሙን ጣይው ማለት አይደለም። ግን ስለ ፕሬፕ ሐኪሙ ራሱ እስኪያነሳልሽ አትጠብቂ፤ ብዙ ጥቁር ሴቶች ስለ መድኃኒቱ ሳይነገራቸው ቀርተዋል። አንቺ ጠይቂ። ይህም አፍ አውጥቶ መናገር ነው።

ይህ ሁሉ የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ነው፤ የሠሩትም የሚመሰገኑበትም እነሱ ናቸው። ሆኖም በዋሽንግተን፣ በአትላንታ፣ በዳላስ የምትኖሪ ኢትዮጵያዊት ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለሽም። የጤና መሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይ «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ውስጥ አንቺም ትቆጠሪያለሽ፤ የተከፈተው ፕሮግራምም፣ የሚሰጠው መድኃኒትም ለአንቺም ነው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። «ስመጣ ተመርምሬያለሁ» የምትሉ ብዙዎች ናችሁ። የኤች አይ ቪ ምርመራ ከአሜሪካ የኢሚግሬሽን የጤና ምርመራ የወጣው እ.ኤ.አ. ከጥር 2010 ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ በዲቪም ሆነ በቤተሰብ የመጣችሁ፣ ያ የኤምባሲ ምርመራ ኤች አይ ቪን አያካትትም።

«ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደግን ነን። በብዙ ነገር ልክ ይሆናል፤ በጤናሽ ጉዳይ ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ያዢ። ዛሬ ማታ መስታወት ፊት ቁሚና ያችን «ያለ ኮንዶም ግን አይሆንም» የምትል ዓረፍተ ነገር በራስሽ ቃል፣ በራስሽ ድምፅ በያት። ነገ ለጓደኛሽ ንገሪያት፤ እሷም ወንዱን ሆና ትፈትንሽ። ከዚያ ለሚገባው ሰው ንገሪው። የሚወድሽ ሰው ይሰማሻል፤ የማይሰማሽንም በጊዜ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ልጅ ካለሽ ደግሞ ልጅሽን አስተምሪያት፤ ሌላ ሰው እስኪነግራት አትጠብቂ። የምትኖሪው አሜሪካም ይሁን አዲስ አበባ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ጎራ በይና ተመርመሪ፤ ከተቻለ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ፈጣኑ ምርመራ ውጤቱን ለመስጠት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም።